ስሙ የተለወጠ እርሳስ

ሞጣ ላይ ዕድሜዬን የጨረስሁበት የቁርጥራጭ ብረት ግቢ ባለፈው ዓመት ተሸጠ። ገዢው ሕንፃ ሊያቆምበት ነው አሉ። ቀድሞውንም ጉልበቴ ከድቶኝ ስለነበር ሥራውና እኔ ያለ ብዙ ወሬ ተለያየን። አሁን በየከተማው ብረት የሚለየው በመሣሪያ ነው ይባላል። ባለሙያው እንደ ሽጉጥ ያለ ነገር ወደ ብረቱ ይደግናል፤ ወዲያው ይሄ መዳብ ነው፣ ይሄ ነሐስ ነው ብሎ ይነግረዋል። ማንም እጁን አያቆሽሽም፣ ማንም ብረት አይቀምስም። እንኳን እንደዚህ ሆነ እላለሁ። ለጋሼ እንድሪስ ግን ዘግይቷል።

ባንቻየሁ እባላለሁ፤ የቢቸና ልጅ ነኝ። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። አቶ ዳኘው የሚባሉ የሞጣ ነጋዴ ያኔ ቢቸና ገበያው ዳር የብረት መግዣ መጋዘን ከፈቱ። ቆራሌዎች ከየመንደሩ የለቀሙትን የተበሳ ድስት፣ የከባድ መኪና ራዲያተር፣ የጥይት ቀለህ፣ የተሰበረ አልጋ እያመጡ ይሸጡላቸዋል። እኔን የቀጠሩኝ የመጣውን እንድጽፍ ነበር። ሁሉንም «ብረት» ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ ምን ሊባል ይችላል?

ከሞጣ ጭነት ሊወስዱ የመጡት ጋሼ እንድሪስ ክምሩን ዞረው አዩና ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ጤፉንም ባቄላውንም ሽንብራውንም አንድ ጎተራ ከተትሽው እኮ!»

«ሁሉም ብረት አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«ነይ እስቲ ተቀመጪ» አሉና ድንጋይ ስበው አስቀመጡኝ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺማቸውን የሚያሳጥሩ ሰው ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም ሞጣ የኖሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሳቸው ግን ለንግድ አልሆኑም። ወጣትነታቸውን በጦር ሠራዊት ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት ጨርሰው፣ ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብረት መለየት የተማሩት ከዚያ ነው። ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ሁልጊዜ ስላለ የእጅ ሰዓት አይበረክትላቸውም፤ ያስሩታል፣ ይቆማል፣ ይተዉታል።

የዚያን ቀን ማግኔቱን አስያዙኝ። የሚስበውን በአንድ በኩል፣ የማይስበውን በሌላ በኩል አደረግን። ከሚስበው ውስጥ ደግሞ ጊዛውን ከላሜራው አስለዩኝ። ጊዛ ማለት በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ በመዶሻ ሲመቱት እንደ ስኳር ድንጋይ ይሰበራል፣ ስባሪውም ግራጫና ቅንጣት ቅንጣት ነው። ላሜራ ግን ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ማግኔት የማይስበው የራሱ ዓለም ነበር። በሞረድ ጫር ያደርጉታል፤ ቀይ ከሆነ መዳብ፣ ቢጫ ከሆነ ነሐስ፣ ነጭና ቀላል ከሆነ አልሙኒየም፣ ነጭና ከባድ ሆኖ ጥፍር የሚያስገባ ከሆነ እርሳስ።

ሞረዱ ሲሠራ አይናገሩም፤ ሰው ሲያናግራቸውም አይመልሱም። የተጫረውን ቦታ አዩ፣ አሸተቱ፣ በመጨረሻ በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉ።

«ምን ምን ይላል?» አልኋቸው።

«መዳብ ይመራል። ነሐስ ይጎመዝዛል። አልሙኒየም ምንም አይልም።» ከዚያ ከአሮጌ ባትሪ የወጣ ቁራጭ አንስተው ነካ አደረጉና ፈገግ አሉ። «የሚጣፍጥ እርሳስ ብቻ ነው።»

እኔም ቀመስሁ። እውነታቸውን ነበር፤ ይጣፍጣል።

ትንሽ ቆይቶ አቶ ዳኘው ወደ ሞጣው ዋና ግቢ አዛወሩኝ። እዚያው ሹፌር አግብቼ ቤት ያዝሁ። ሥራው አድጎ ነበር። መዳቡን፣ ነሐሱንና እርሳሱን አዲስ አበባ ያለ ላኪ ተረክቦ ወደ ውጭ አገር ይልከዋል፤ ዕቃው ከአገር ከመውጣቱ በፊት ጉምሩክ እየዘረገፈ ያያል። በጭነቱ መግለጫ ላይ የተጻፈውና ከመኪናው ላይ የወረደው ካልተስማማ ጭነቱ ይቆማል። ስለዚህ ጋሼ እንድሪስ ይለያሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ጭነቱን ተከትዬ አዲስ አበባ ሄጄ ፈታሾቹ ሲጠይቁ እመልሳለሁ።

ጉምሩክ ያለውን ሕግ የተማርሁት እዚያ ቆሜ ነው። ቁርጥራጭ ማለት አሮጌ ማለት አይደለም። ተሰብሮ፣ ተቆርጦ ወይም አልቆ ለተሠራበት ሥራ የማይመለስ ነገር ነው። ተጠግኖ የሚሠራ ከሆነ ቢዝግም ቢያረጅም ዕቃ ነው፤ የራሱ ስምና የራሱ ቀረጥ አለው። መዳብ በመዳብ፣ እርሳስ በእርሳስ ይመደባል። የተደባለቀ ከሆነ የሚበዛው ይመራል።

ይህን ነገር ለጋሼ እንድሪስ ብነግራቸው አልገረማቸውም። አንድ ጊዜ ከየጁቤ የመጣ የእህል ወፍጮ ሞተር ክምሩ ውስጥ ነበር። ውስጡ የተጠመጠመው መዳብ ብዙ ስለሆነ አቶ ዳኘው እንዲሰበር አዘዙ። ጋሼ እንድሪስ ከፈቱት፣ ዘንጉን በእጃቸው አዞሩት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይህ ቁርጥራጭ አይደለም ዳኘው። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ብቻ ነው የሄደው።»

«ምን ቸገረህ? ሽጠውልኛል እኮ፤ የእኔ ነው!»

«የአንተ ነው። ግን ይሠራል። የሚሠራ ነገር ሰብሬ አላውቅም፤ አሁንም አልጀምርም።»

አቶ ዳኘው ተቆጥተው ወጡ። ጋሼ እንድሪስ ከአርብ ስግደት መልስ ኩሽኔታ ፈልገው ገጠሙለት፤ ሞተሩ ተነሣ። አቶ ዳኘውም ሳቁና ለዚያው ለየጁቤው ሰው መልሰው ሸጡለት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሚመጣውን የሰማ ሰው ክፉ ናቸው ብሎ እንዳይፈርድ ነው።

ከዚያ መኪና በዛ፤ አሮጌ ባትሪም አብሮ በዛ። ቆራሌዎቹ በጋሪ ያመጡት ጀመር። እኛም ከነአሲዱ ደርድረን ጫንነው፤ በመግለጫውም ላይ «የእርሳስ ቁርጥራጭ» ብዬ ጻፍሁ። ጉምሩክ ግቢ አንዲት ረጋ ያለች ፈታሽ ጭነቱን አስወርዳ አንዱን ባትሪ በእግሯ ነካችው።

«እህቴ፣ ይሄ እርሳስ ነው?»

«አዎ፣ ውስጡ እርሳስ ነው።»

«ውስጡ እርሳስ ቢሆንም እሱ ባትሪ ነው። ያገለገለ ባትሪ ከብረት ቁርጥራጭ ጋር አይመደብም፤ ቦታው ሌላ ነው። አሲድ ስላለው ያለ ልዩ ፈቃድ አያልፍም።»

«እርሳሱን አውጥተን ብናመጣውስ?»

«እሱ እርሳስ ነው። አቅልጣችሁ ካፈሰሳችሁት ደግሞ ቁርጥራጭም አይባልም፤ ያልተሠራ እርሳስ ተብሎ ያልፋል።»

ሴትዮዋን ጠየቅኋት፣ ሕጉን መለሰችልኝ። ሌላ ያደረገችው ነገር የለም። ሞጣ ተመልሼ ለአቶ ዳኘው እንዳለ ነገርኋቸው፤ ዓይናቸው በራ።

«ስሙ ይለወጣል ማለት ነው?»

«ይለወጣል።»

በሳምንቱ ግቢው ጥግ ከበርሜል የተቆረጠ ምድጃ ተተከለ። ሠራተኞቹ ባትሪውን በመጥረቢያ ይከፍላሉ፣ አሲዱን አጥሩ ሥር ይደፋሉ፣ በውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሰሌዳዎች ምድጃው ውስጥ ይጨምራሉ። ከላይ የሚንሳፈፈውን አመድ ገፍፎ የጠራውን እርሳስ እንደ ጡብ ባለ ቅርጽ ማፍሰስ ግን ዓይን ይፈልጋል። ከጋሼ እንድሪስ በቀር የሚችለው ሰው አልነበረም። ቀልጦ ሲጠራ ፊቱ እንደ መስተዋት ይሆናል፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው በዚያ መስተዋት ላይ የመጀመሪያው የቀስተ ደመና ቀለም ሲመጣ «አሁን!» ይላሉ። ጢሱ ነጭና ለስላሳ ነው። አያስነጥስም፣ አያስልም። ክፉ ጢስ አይመስልም።

እርሳሳችን ጉምሩክ ላይ ቆሞ አያውቅም። እንዲያውም እንደዚህ የጠራ እርሳስ ከክፍለ ሀገር አይመጣም እያሉ ያመሰግኑን ነበር። ምስጋናውን ተሸክሜ መጥቼ ስነግራቸው ጋሼ እንድሪስ እንደ ልጅ ያፍሩ ነበር።

አጥሩ ሥር ያለው ግራዋ ደረቀ። የጎረቤት ዶሮዎች ተራ በተራ እየተንገዳገዱ ሞቱ፤ ፈንግል ነው ተባለ። እኔም በዚያን ዘመን ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም ሳይቆዩልኝ ወረዱ። እናቴ ከቢቸና መጥታ ሾተላይ ነው አለች፤ ክታብ አስጽፋ አሰረችልኝ፣ ጠበልም ወሰደችኝ። ሁሉም ነገር የየራሱ ስም ስለነበረው እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ የቆጠራቸው ሰው አልነበረም።

ጋሼ እንድሪስን መጀመሪያ ያመማቸው ሆዳቸውን ነው። ቁርጠት ሲነሣባቸው ግድግዳ ይዘው ይቆማሉ፤ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። ጤና ጣቢያ ጨጓራ ነው ብለው ኪኒን ሰጧቸው። ቃሪያ ተዉ፣ ቡና ተዉ፤ ለውጥ የለም። ፊታቸው ገረጣ። ስም ይረሱ ጀመር፤ የእኔን ስም እንኳ ፈልገው የሚያጡበት ቀን ነበር። በትንሽ ነገር ይቆጣሉ፣ ወዲያው ደግሞ ያዝናሉ።

አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ስግደት ሲመለሱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ያዩ ነበር።

«ባንቹ፣ እስቲ እዪልኝ። ዛሬ ለስግደት እጄን ወደ ጆሮዬ ሳነሣ ጣቶቼ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። ክንዴ ይነሣል፤ መዳፌ ግን አይቀናም። ጎኔ የነበረው ሰው አየኝ መሰለኝ፣ አፈርሁ።»

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ከአንጓው በታች እንደ ረጠበ ጨርቅ ወርዶ ቀርቷል። በግራ እጃቸው ደግፈው አቀኑትና ሲለቁት ተመልሶ ወደቀ።

«አያምም?»

«ቢያምማ መልካም ነበር።»

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ የሰው ዓይን አግኝቷቸዋል ብለው ቁርአን አስነበቡላቸው። እሳቸውም አልተቃወሙም። ሞረድ መያዝ አልችል ሲሉ እኔ እየጫርሁ አሳያቸዋለሁ፤ ዓይናቸው ገና ስሕተት አያውቅም። በመጨረሻ አቶ ዳኘው ራሳቸው መኪና አዘጋጁና ባለቤቴ እየነዳ ባሕር ዳር ወሰድናቸው።

የመረመራቸው ሐኪም ገና ወጣት ነበር። ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ እጃቸውን አየ፤ ከዚያ አፋቸውን አስከፍቶ በባትሪ መብራት ጥርሳቸው ሥር ተመለከተ። ድዳቸው ላይ፣ ከጥርሱ ጠርዝ ሥር፣ በእስክርቢቶ የተሰመረ የሚመስል ሰማያዊ መሥመር ነበር።

«አባት፣ ሥራዎት ምንድን ነው?»

«ብረት እለያለሁ።»

«እርሳስ ይነካሉ?»

ጋሼ እንድሪስ ወደ እኔ ዞረው ሳቅ አሉ። «ይጠይቀኛል እንዴ! እኔ የማላውቀው እርሳስ አለ?»

ሐኪሙ አልሳቀም። እርሳስ በጢሱና በአቧራው ገብቶ አጥንት ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ደምን፣ ነርቭን፣ ኩላሊትን እንደሚበላ ቀስ ብሎ አስረዳን። መድኃኒቱ በአቅራቢያ አይገኝም፤ ዋናው ነገር ከእርሳሱ መራቅ ነው አለ። ኩላሊታቸው ግን ብዙ ተጎድቷል። ልንወጣ ስንል እኔን አስቀረኝ።

«አንቺም እዚያው ነው የምትሠሪው?»

«አዎ።»

«ልጆች አሉሽ?»

ሁለቱን ፅንሶች የወሰደብኝ እርሳሱ መሆኑ ገብቶኝ ያለቀስሁት ያኔ ነው። ለሾተላይ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ስንመለስ ሌሊቱን ጋሼ እንድሪስ አልተኙም መሰለኝ፤ በማግሥቱ ቤታቸው ስሄድ የመጀመሪያ ንግግራቸው ስለ ራሳቸው አልነበረም። «ምድጃው ጋ ያሉትን ልጆች አስወጪያቸው» አሉኝ።

ሄድሁ። አቶ ዳኘውን ከሠራተኞቹ ፊት ነገርኋቸው።

«ይህ ምድጃ ነው የገደላቸው። ይፍረስ።»

«አልሞተም እኮ ባንቻየሁ! አታሟርቺ።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኔስ እዚሁ አይደል የምውለው? ለምን እኔን አላመመኝም?»

«እርስዎ ጎንበስ ብለው አያፈሱማ።»

ከሠራተኞቹ አንዱ፣ የጉንደ ወይን ሰው፣ መጥረቢያውን ይዞ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «እሜቴ፣ ይፍረስ ካሉ ይፍረስ» አለኝ። «እኛስ? ከነገ ወዲያ ምን እንብላ?»

መዝገቤን አንሥቼ ወጣሁ።

አቶ ዳኘው ምድጃውን አፈረሱ። እኔም ተሳካልኝ ብዬ ለጋሼ እንድሪስ ነገርኋቸው፤ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ከደኑ። ክረምቱ ሲወጣ ግን የጠራ እርሳስ እንደገና በመኪና ይመጣ ጀመር። ምድጃው ወደ ጉንደ ወይን መንገድ፣ ከአንድ ወንዝ ዳር ተተክሏል። ሠራተኞቹ እነዚያው ናቸው፤ ማፍሰሱን ከጋሼ እንድሪስ እያዩ ለምደውታል። ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ነው። ወደ ወረዳ ጤና ቢሮ ሄጄ ተናገርሁ፤ ሰዎች መጥተው አዩ፣ ምድጃው ተነሥቶ ሌላ ሸለቆ ገባ። ከዚያ በኋላ የት እንዳለ እኔም አላወቅሁም። የእርሳሱን ጭነት አልጽፍም ብዬ ለሌላ ሰው ተውሁት፤ መዳብና ነሐስ ብቻ እጽፋለሁ። ይሄ ምን ያህል እንደጠቀመ አላህም እግዚአብሔርም ያውቃሉ። ከሥራው ለመውጣት ግን አልደፈርሁም።

ጋሼ እንድሪስ የሞቱት በረመዳን ዋዜማ ነው። የሞጣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ቀበራቸው። አቶ ዳኘው ከቀብር ሲመለሱ መንገድ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሴት አለቀሱ። በማግሥቱ ግን መኪናው ተጫነ።

እትዬ ዘይነባ ባል ለሞተባት ሴት በእምነታቸው የታዘዘውን አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት ተቀመጡ። በየሳምንቱ እጠይቃቸዋለሁ። መጀመሪያ የኀዘን መስሎኝ ነበር፤ እየከሱ፣ እየገረጡ ሄዱ። አንድ ቀን ሻይ ሊያቀርቡልኝ ተነሥተው ሆዳቸውን ይዘው በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ቁርጠት ነው፤ ይለቀኛል። ድሮም አልፎ አልፎ ያመኝ ነበር፣ አሁን ባሰብኝ።»

ክንዳቸውን ደግፌ መደቡ ላይ ሳስቀምጣቸው ነው ያየሁት። ትራሳቸው ላይ የጋሼ እንድሪስ የሥራ ኮት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ክርኑና ጉያው በእርሳስ አመድ ነጣ ብሏል። ሲያቅፉት ያደረ ልብስ መሆኑ ያስታውቃል።

«ይህን ኮት አጥበውት ያውቃሉ?»

«እሱ በነበረ ጊዜ ሳምንት ሳምንት አጥብ ነበር፤ አቧራው መጀመሪያ በደጅ ይራገፋል። ከሞተ ወዲህ ግን ምን ብዬ ልጠበው? ሽታው አለበት እኮ።»

ነገርኋቸው። ሐኪሙ የነገረኝን በሙሉ፣ በዝግታ ነገርኋቸው። አቋረጡኝ።

«እሱን ገደለው ያላችሁት ጢሱ አይደል? ጢሱ እዚህ የት አለ?»

«አቧራው ነው እትዬ። ኮቱ ላይ ያለው ነጭ ነገር እርሳስ ነው። ይስጡኝ ልውሰደው።»

ኮቱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት።

«ሁለት ጊዜ ልቅበረው ነው የምትዪኝ?»

ከመስጊድ አዛን ሲሰማ ኮቱን ጭናቸው ላይ ዘረጉት፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጠፉ፣ አንገትጌውን አቀኑ፣ አዝራሮቹን አንድ በአንድ ቆለፉና ሰጡኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ማቃጠል አልችልም፤ ጢሱ ያው ጢስ ነው። በላስቲክ ጠቅልዬ ከከተማ ውጭ፣ ውኃ ከማይደርስበት ጉብታ ላይ በጥልቁ ቀበርሁት። እሳቸውን ደግሞ ወንድማቸውን አስፈቅጄ ባሕር ዳር ወሰድኋቸው። ወለሉን እንዴት እንደምናጥብ፣ ምንጣፉን የት እንደምንጥል ሐኪሙ አስተማረን። እያደር ቁርጠቱ ተዋቸው፤ መልካቸውም ተመለሰ። እኔን ግን ለረጅም ጊዜ አላናገሩኝም። መንገድ ስንተላለፍ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ።

ከአንድ ክረምት በኋላ ሳላስበው ቤቴ መጡ። አስገባኋቸው፣ ተቀመጡ፣ ውኃ ጠጡ። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ባለቤቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«የት ቀበርሽው?»

«አልነግርዎትም እትዬ።»

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«ደግ አደረግሽ» አሉኝ። «ብትነግሪኝ ቆፍሬ አወጣው ነበር።»